ኦሮንዞ ለጉብኝት የመጣ ቀን

አልቤሮቤሎ፣ እሑድ ኦክቶበር 19 ቀን 2014

ለውዷ ታናሽ እህቴ ለፓልሚና፣

እንዴት ነሽልኝ ሆዴ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እናንተ አውስትራሊያ ሙቀቱ ሊገባ ነው ብለሽኛል። እዚህ ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ መጥቶ ወይራው ሳይለቀም እየረገፈ ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ። ባለፈው በስልክ «ኦሮንዞ መጣ? አወቀሽ?» ስትይኝ መስመሩ ተበላሸ ብዬ የዘጋሁት፣ ነገሩ ተጯጩኾ የሚወራ ስላልሆነብኝ ነው። ጆሮሽም እንደ ድሮው አይደለም። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ወንድማችን መጥቶ ሄደ። ያመጣችው ልጁ ሲልቪ ናት። ያቺ ከቤልጂየም ፎቶዋን የላከልን፣ የፊት ጥርሷ ወላቃ ሕፃን፣ አሁን ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። ከመምጣታቸው በፊት በተሰባበረ ጣልያንኛዋ ደውላ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አክስቴ፣ አባዬ ፈረንሳይኛው ጠፋበት። የመርሳት ሕመሙ ኋላ የተማረውን ወሰደና፣ ጣልያንኛም ሳይሆን የእናንተን የአልቤሮቤሎን ቋንቋ ብቻ ተወለት። ቀኑን ሙሉ ያወራኛል፣ እኔ ግን አንድ ቃል አይገባኝም። እባክሽ አንቺ አድምጪልኝ።»

ልጁን እንደ ቤልጂየም ሰው ትሁንልኝ ብሎ የእኛን ቋንቋ አላስተማራትም። እዚያ ዕድሜውን የሠራበት የማዕድን ጉድጓድ ሳንባውን ቢጎዳውም አንደበቱን ትቶለት ነበር። ይኸው አሁን አባትና ልጅ አንድ ቤት ተቀምጠው አይግባቡም።

ከመኪናው ሲወርድ ክራባት አድርጎ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ልክ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ነበር። ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ባርኔጣውን አንስቶ፣ «ደህና ዋሉ፣ እመቤቴ» አለኝ። በእኛው ቋንቋ፣ በአባባ ድምፅ። ትንሽ ቆየና ዓይኖቹ ሲበሩ አየሁ።

«ፓልሚ! አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ኮማሲያ ነኝ፣ ኦሮንዞ።»

ፊቱ ጭልም አለ። ገበያ መሃል እናቱ የጠፋችበት ልጅ መሰለኝ። ልጁን አያት፣ መኪናውን አየው፣ ተመልሶ ሊገባ በሩን ያዘ። አላስቻለኝም።

«ስቀልድ ነው እኮ! ፓልሚና ነኝ» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ቀልድሽ አያልቅም!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እስኪሄድ ድረስ አንቺ ሆኜ ዋልኩ፣ አንቺ ሆኜ አደርኩ።

በማግስቱ ወደ ድሮው ሰፈራችን ወደ ሞንቲ ይዘነው ወጣን። እንደምታውቂው ዛሬ እዚያ የሚኖር የለም። ያ ሁሉ ጉልላት ቤት ወይ ሱቅ ነው ወይ የእንግዳ ማደሪያ። መንገዱ በጎብኚ ተጨናንቋል፤ እሱም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ ከአንዱ አስጎብኚ ቡድን ጋር አብሮ መሄድ ጀመረ። አንዲት የሱቅ ልጅ በእንግሊዝኛ እየተጣራች የአልሞንድ ኩኪስ አስቀመሰችው።

«ጣፋጭ ነው፣ ልጄ። እናቴ ግን ስኳር አታበዛበትም» አላት በእኛው ቋንቋ።

ልጅቷ ደንግጣ ወደኔ ዞረች። «እንዴ! እሳቸው የኛ ናቸው እንዴ? አያቴን መሰሉኝ እኮ! ከየት መጥተው ነው?»

«ከዚሁ ነው። ሁለት ቤት ከፍ ብሎ» አልኳት።

ቤታችንን የገዛው ሰውዬ ደግ ነው። አንዱ እንግዳ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ ቁልፉን ሰጠኝ። ውጪው እንደ ድሮው በኖራ ነጥቷል። በሩ ጋ ስንደርስ ሲልቪ ቀድማ ስትገባ ግንባሯን ከላይኛው ድንጋይ ጋር አጋጨችው። ኦሮንዞ ግን ማንም ሳይነግረው ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻውን ትንሽ አዙሮ ገባ፤ አባባ ይገባ እንደነበረው። ሲልቪ ግንባሯን ይዛ ቆማ ታየው ነበር። «ሰውነቱ ያስታውሳል» አለች።

ውስጡን ብታይው ኖሮ ታለቅሺ ነበር። እማማ የተኛችበት፣ የሞተችበትም ያ ግድግዳው ውስጥ የገባው ጓዳ፣ ዛሬ መታጠቢያ ሆኗል፤ የመስታወት በር ገጥመውለታል። እሱ ፊት ለፊቱ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እማማ የት ሄደች?» አለኝ።

«ቤተ ክርስቲያን።»

«በዚህ ዝናብ?»

ውጪ ፀሐይ ነበር። «የዝናብ ጫማዋን አልረሳችም፣ ጃንጥላም ይዛለች» አልኩት። ደስ አለው።

ያኔ ሲልቪ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሁልጊዜ ሲመሽ የአፓርታማቸውን በር ይዞ አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል አለች። ትርጉሙን ሳታውቅ ድምፁን በቃሏ አጥንታው ኖሯል። እንደ ጸሎት ቀስ ብላ፣ በፈረንሳይኛ አፏ አለችው፦ «ፓልሚ፣ ክፈቺልኝ፣ ዝናቡ አበሰበሰኝ።»

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ወጣት ሳለ ከጭፈራ አምሽቶ ሲመጣ አባባ እንዳይሰማ አንቺ በባዶ እግርሽ ሄደሽ እንደምትከፍቺለት ነገርኳት። እኔ ከእማማ ጋር ነበር የምተኛው፤ አልሰማም ነበር። ሲልቪ እዚያው እንደቆመች ተንሰቀሰቀች። «እኔ እኮ ውጪ መውጣት ፈልጎ መስሎኝ በሩን እቆልፍበት ነበር፣ አክስቴ። ለካ መግባት ነው የፈለገው» አለችኝ።

እራት የተፈጨ ባቄላ ከመራራ ቅጠል ጋር ሠራሁለት፤ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ በላ። ልጁ ዕቃ ልታጥብ ስትገባ ወደኔ ጠጋ አለ።

«ፓልሚ፣ ያቺ ሌላዋስ?»

«የቷ?»

«ከእማማ ጋር የቀረችው። ማን ነበር ስሟ?»

«ኮማሲያ?»

«ልትሆን ትችላለች። አገባች?»

«አላገባችም።»

«ምነው? ቆንጆ ነበረች እኮ!» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ምን ስትሠራ ኖረች?»

«እማማን አስታመመች። ከዚያ ቤቱን ጠበቀች፤ ጣሪያውን ማስጠገን እስኪያቅታት ድረስ።»

ግንባሩ ተቋጠረ። «ለማን ነበር የምትጠብቀው?» አለኝ።

ምን ልበለው ፓልሚና? አንቺ አውስትራሊያ፣ እሱ ቤልጂየም። «ሳገኛት እጠይቃታለሁ» አልኩትና ሳህኑን አነሳሁ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። መኪናው ውስጥ ሆኖ በመስኮቱ እጄን ሳመኝ። «አገራችሁ ቆንጆ ነው፣ እመቤቴ። እኔም እንዲህ ያለ ቦታ ነው የተወለድኩት» አለኝ። በዚያች ሰዓት አንቺም አልነበርሽም፣ እኔም አልነበርኩም። መኪናው እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት።

ቤልጂየም ከገቡ በኋላ ሲልቪ ደውላልኝ ነበር። ሲመሽ በሩ ጋ መቆሙን ትቷል፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ብዙ ይተኛል፣ ብዙም አያወራም አለችኝ። የምሥራች ይሁን መርዶ ለይታ አላወቀችም፤ እኔም አልለየሁትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቁጥርሽን ሰጥቻታለሁ፣ ትደውልልሻለች። ስልኩን ወደ ኦሮንዞ ጆሮ ታስጠጋዋለች፤ አንቺም አውሪው፣ ጮክ በይ። አልቤሮቤሎ ስለነበርንባቸው ቀናት ካነሳብሽ፣ አዎ እኔ ነበርኩ በይው። ባቄላውንም እኔ ነኝ የሠራሁት በይው። ኮማሲያ ናት ብለሽ ግራ እንዳታጋቢው።

ቅዱስ ቆዝሞስና ቅዱስ ድምያኖስ ጉልበትሽን ያጽኑልሽ፤ ልጆችሽን፣ የልጅ ልጆችሽን ከክፉ ይሰውሩልሽ። የማላውቃቸውን ሁሉ በየስማቸው ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ
ኮማሲያ