የአባባ ወንበር

ለውድ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆቴ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ከሆቴሉ አልጋ ማንጠፍ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው? ባልሽስ እንዴት ከረመ? መንትዮቹስ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ማገዙን ተዉ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው። ባለፈው ደብዳቤ «ደህና ናቸው» ያልኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እውነቴን ነው።

ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ ሥራ ከፈቱ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል እንደጀመሩ ነግሬሽ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ፊልም ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው ምን ያድርጉ? ምግቡም አልገባ፣ ጨዋታውም አልጥም ብሏቸው ነበር። ሰው ቁጭ ባለበት እንዲህ ቀስ እያለ ከቤቱ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ ፈርቼ ነበር እትዬ። አንቺ ገንዘቡን ልከሽ ሳሎኑን ትንሽ ሲኒማ እንዳደርግላቸው፣ ውድ ዕቃ ግን እንዳልገዛ ስትነግሪኝ የተሰማኝን እፎይታ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ግን ታውቂኛለሽ፤ ወንድምሽ መቀስ እንጂ ኮምፒዩተር ጨብጦ አያውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሱቅ ገብቼ ሻጩ ያሞገሰልኝን አንዲት የምታብለጨልጭ ትንሽ ሳጥን ገዝቼ መጣሁ። ከቴሌቪዥኑ ጋር ትገጠማለች፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሁሉን ራሷ ትከፍታለች፣ አንዱ ፊልም ሲያልቅ ሰው ሳይተነፍስ ሌላውን ትጀምራለች። ለአባባ እንዲቀልላቸው ብዬ እኮ ነው! አባባ መረቁኝ። ወንበራቸውን አንስተው ከሁላችንም ኋላ አስቀመጡና ማየት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ወንበሩ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

እኔ ዕቃው ተበላሽቶ መስሎኝ ገመድ ስነቅልና ስሰካ ባለቤቴ አየችኝና የተናገረችውን ልንገርሽ። የገዛኸው ለእንግዳ የሚሆን ነው፣ አባትህ ግን በሲኒማ ቤት እንግዳ ሆነው አያውቁም አለችኝ። እውነትም አባባ ፊልም ሲያዩ ኖረው አያውቁም፤ ሲያሳዩ ነው የኖሩት። ሲኒማ ቤቱ አንዴ የወሰደባቸውን ሥራ እኔ ደግሜ ቀምቻቸው አረፍኩት።

በማግስቱ ሳጥኗን ይዤ «ዶክተር» ወደምንለው ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። እኔ ጋ ፀጉሩን ሲስተካከል ሁሌም ወሬው ስለ ዕቃ ስለሆነ መጀመሪያውኑ እሱን አለመጠየቄ ጥፋቴ ነው። እሱም አልማረኝም፤ እሱ ጢሙን ለእኔ እያመነ እኔ ገንዘቤን ለማላውቀው ሰው መስጠቴን እያነሳ ሲስቅብኝ ዋለ። ከዚያ መደርደሪያው ሥር ገብቶ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ አወጣ። በቴሌቪዥኑ ለምናየው ስክሪኑ ምን ያደርግልናል፣ በስንጥቁ ምክንያት ሰው ስለማይፈልገው ርካሽ ነው አለኝ። ፊልም ለማጫወት ፈረስ አያስፈልግም፣ ደህና አህያ ይበቃል ብሎ ሜሞሪ ጨመረለት፣ ድምፅ እንዳያሰማ ማራገቢያውን ከአቧራ አጸዳው። አሮጌ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከርም ሰጠኝ። ሃርድ ዲስኩን ብቻ አሮጌ አትግዛ አለ፤ ለካ እሱ ሲሞት ሳይሰናበት ነው የሚሞተው። ሳጥኗን በልዋጭ ተቀበለኝና አንቺ ከላክሽው ላይ ተርፎ ጥሩ የወንበር ትራስ ገዛን።

ዕቃውን ሆን ብዬ አልገጠምኩትም። ሳሎን ወለል ላይ ዘርግፌ ወደ ሥራ ሄድኩ። ከሰዓት ስመለስ አባባ መነጽራቸውን አድርገው፣ ገመዱን አንድ በአንድ በጥጥ እየወለወሉ አገኘኋቸው። ማን ነው ይሄን እንዲህ ያዝረከረከው ብለው ተቆጡኝ። እትዬ፣ ቁጣቸው እንዴት ናፍቆኝ እንደነበር! እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማውሱ አስቸገራቸው፤ ባለ ትልልቅ ቁልፍ ኪቦርድ ሲመጣላቸው ግን ሰፊዋን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው እየመቱ ማስነሳትና ማቆም ቻሉ። በየማብሪያው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ተራ ቁጥር ጻፉ። ከእሳቸው በቀር የሚነካው የለም።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ነው። አባባ ፊልሙን ዓርብ ዕለት ብቻቸውን ሳያዩት ለሰው አያሳዩም፤ እንደ ድሮው። መሃል ላይ አቁመው እግራችሁን አፍታቱ ይሉናል። ያቺ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ስታወራ ሳል እያደረጉ ያስጠነቅቋታል። ከኋላ ተቀምጠው ስክሪኑን ሳይሆን እኛን ነው የሚያዩት። ፊልም ጥሩ መሆኑ ከተመልካቹ ማጅራት ይታወቃል ይላሉ። ቀን ሙሉ ማጅራት ሳይ የምውለው እኔ ይሄን አለማወቄ አሳፈረኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከፊልሙ በፊት አንቺ የላክሽውን ቪዲዮ አዘጋጅተው ነበር፤ ያቺን ከመንትዮቹ ጋር መስኮት አጠገብ ሆነሽ «አባባ፣ አለሁ» የምትይባትን። አርባ ሰከንድ ናት። መጋረጃው ተዘጋ፣ ማብሪያዎቹ በተራ ተጫኑ። ቪዲዮው ግን አልጀመረም። ዞር ስል አባባ ወንበራቸውን ተሸክመው እየመጡ ነው። መሃላችን አስቀመጡና፣ አንተ ከኋላ ቁም፣ ይቺን እኔ ልያት አሉኝ።

በአርባ ዓመት ውስጥ ከተመልካች መሃል ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰፊዋን ቁልፍ እኔ መታሁ። አንቺ አወራሽ፣ የአባባ ማጅራት ቀና ብሎ ቀረ። ስታበቂ ሰዉ ሊንቀሳቀስ ሲል፣ ቁጭ በሉ፣ ልጄ ገና አልጨረሰችም አሉ። ደግሜ አጫወትኩት። ሦስቴ።

እትዬ፣ ስለ ሁሉም አመሰግንሻለሁ፤ ወገብሽ ይበርታልኝ። አባታችንን መልሰሽልናል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ረዘም ያለ ላኪ። ወንበራቸውን ወደ ኋላ አልመለሱትም፣ ቀጣዩን እየጠበቁ ነው።

ባለቤቴ ጉንጭሽን ስማለች። ለባልሽ የአማችነት ሰላምታዬን ንገሪልኝ። መንትዮቹን ከአያታቸው አንድ አንድ፣ ከእኔ ሁለት ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ። ዶክተርም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ ሂሳቡን ግን አልረሳሁትም እያለ ይስቃል፣ አንድ ጢም ማስተካከል በነጻ አለብኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሳሎናችን፣ ከኋላ ሆኜ
ሰኔ 4 ቀን