የኔን ክር አትጠብቅ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ ለጋሽዬ፤

እንዴት ሰነበትክ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህልስ ይበላልሃል? እጅህስ እንዴት አደረገህ? የምጠይቅህ እውነቱን ነው፤ በስልክ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያልክ የምትሸኘኝን አይደለም። እኔ ከናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም። ናፍቆቱ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። ከሥራ ስመለስ የማልፍበት መንገድ ላይ አንድ የወንዶች ፀጉር ቤት አለ። በሩ ተከፍቶ የአልኮሉና የፓውደሩ ሽታ ሲመጣብኝ አንተ ከውስጥ የምትወጣ ይመስል ቆሜ እቀራለሁ። ባለቤቱ «ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?» ሳይል አይቀርም። ልጅ ሳለሁ ራሴን ይዘህ «አትነቃነቂ አልኩሽ!» እያልክ የምትቆርጥልኝ ፀጉር፣ እዚህ ማንም አልነካውም፤ በመስታወት እያየሁ ራሴው አጣምሜ እቆርጠዋለሁ።

ባለፈው ባለቤትህ እትዬ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ምላጭ መያዝ ትተህ በቶንዶስ ብቻ እንደምትሠራ፣ ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጅህ እንደምታንቅ፣ ሐኪሙም ጭንቅላትህ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ የእጅህን መንቀጥቀጥ ሊያስታግስልህ እንደሚችል ቢነግርህ እምቢ እንዳልክ። ምክንያቱን ስሰማ ወሽመጤ ተቆረጠ። «እህቴ ለስላሳውን ሽቦ እየሠራችልኝ ነው፣ የሷን እጠብቃለሁ» አልክ አሉ። ደንበኞችህም አጨበጨቡልህ አሉ። ባንተ ቤት እኔን ማክበርህ ነው።

እንግዲህ ስማኝ። አንጎል ከምታስበው በላይ ለስላሳ ነው፤ በተነፈስክ ቁጥር ይነቃነቃል። ጠንካራ ነገር ሲገባበት ይፈትገዋል፣ በዙሪያውም ጠባሳ ይሠራል። እኛ እዚህ ቤተ ሙከራው ውስጥ የምንሠራው ከፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ክር ነው፤ በመሀሉ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የወርቅ መስመር ያልፋል፣ ከአንጎሉ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። ከመለስለሱ የተነሳ ብቻውን መግባት ስለማይችል፣ ከገባ በኋላ በሚሟሟ ስኳር እንለብጠዋለን። አንተ ሻይህ ውስጥ የምትገለብጠውን ያህል ግን አይደለም።

ችግሩ የክሩ ዕድሜ ነው። ሰውነታችን ውስጡ ሞቃትና ጨዋማ ውኃ ስለሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለማወቅ ክሩን በጨው ውኃ ብልቃጥ ነክረን እያሞቅን በቶሎ እንዲያረጅ እናደርገዋለን። ባለፈው ሳምንት ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የጣልኩባቸውን ክሮች አውጥቼ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው፣ ውኃው ሾልኮ ገብቶ ፕላስቲኩ ከወርቁ ተላቅቆ አገኘሁት። አለቃዬ «ጥሩ ነው፣ የት ላይ እንደሚበላሽ አወቅን» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እውነቷን ነው። እኔ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተንሰቀሰቅኩ። እጅህን እያሰብኩ ነበር የሠራኋቸው።

ጋሽዬ፣ እቅጩን ልንገርህ። የኔ ክር ሰው ውስጥ እስኪገባ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፤ ጭራሽ ላይሳካም ይችላል። ያንተ ሕመም ደግሞ ለማንም አይቆምም። ሐኪሙ ለእትዬ እንደነገራት፣ ከዚህ በላይ ከተዳከምክ ቀዶ ጥገናውን አትችለውም። እሱ የሚያስገባው ሽቦ ጠንከር ይላል እንጂ ሥራውን ያውቃል፤ ስንቱ ሰው ለዓመታት ይዞት እየኖረ ነው። አደጋ የለውም ብዬ አልሸነግልህም። የሚያስፈራህን ሁሉ ጠይቀው፣ እኔም አብሬህ እጠይቀዋለሁ። በኔ ምክንያት ግን እምቢ አትበል። ብቻ ቀኑን ቁረጥ፤ አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄ እሺ ብላኛለች፣ አልጋህ አጠገብ እሆናለሁ።

እንዳትቀየመኝ። በኔ ስትኮራ ደስ ይለኛል፤ ግን ያንተ ኩራት ብቻውን ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው አንተን ነው።

እማዬን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ ስለ ቀዶ ጥገናው ሁላችሁም ደብቃችኋት እንደሆነ ግን እኔ ስመጣ ጉዳችሁ ይፈላል። እትዬን ስለደወለችልኝ አመስግንልኝ፤ ነገር አመላላሽ ብለህ እንዳትቆጣት። ወሬኛዋን ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ዝምተኛውን ደግሞ ግንባሩን ሳመውና አክስትህ ድምፅህን መስማት አማራት በለው።

ክሩን አልተውኩም፤ ነገ ጠዋት አዲስ ብልቃጥ እሞላለሁ። አንድ ቀን ከሰመረልን የማላውቃት ሴት ወንድም ይድንበታል። የኔ ወንድም ያን ቀን በሕይወት ኖሮ፣ «ይሄንን የሠራችው እህቴ ናት» ሲል መስማት ነው የምፈልገው።

«ጨቅጫቂዋ» የምትላት እህትህ

ከሥራ ቦታዬ ማዶ ካለችው ጠባብ ክፍሌ፣
ጥቅምት 22 ቀን