ሳይገባው፣ ሳይገባኝ

ኅዳር 4 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለወንድምዓለሜ፣

የደብዳቤ ወግ ነውና «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ወገቤ ይታዘበኛል። ይህን የምጽፍልህ አልጋ ላይ በጎኔ ተኝቼ፣ የሽንኩርት መክተፊያውን ጣውላ ወረቀቱ ሥር አድርጌ ነው። መስመሩ ወደ ታች ቢንሸራተት አትፍረድብኝ። አንተስ እንዴት ነህ? ልጅቷ ጥርስ አወጣች? በላክኸው ፎቶ ላይ ከስተህ አየሁህ፤ ባለቤትህን «ምን ታበይዋለሽ» ብዬ እንዳልቆጣት እሷም ከስታለች።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ ስለምትዘጋው ነው። የእሱ ነገር ሲነሳ «መስመሩ ተበላሸ» ትለኛለህ። መስመሩ እንዳልተበላሸ ሁለታችንም እናውቃለን። አልተቀየምኩህም፤ እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እዘጋው ነበር። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ አይዘጋም። ቀደህ ብትጥለውም አንብበህ ጨርሰህ ይሁን።

አባታችን እኔ ጋ ነው። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ አገኘሁ። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መስሎኝ «ቆጣሪው በጓሮ ነው» ብዬው ላልፍ ነበር። «ልጄ» ሲለኝ ነው ያወቅሁት። ሰውነቱ አልቋል፣ ድምፁ ግን አላረጀም። ልጆች ሆነን የበሩ መቀርቀሪያ ሲንኳኳ እንደምንሆነው ሆንኩ። በእጁ አንድ ፌስታል ይዟል፣ ጫማው ማሰሪያ የለውም። «ካላስገባሽኝም አልቀየምሽም፣ ዓይንሽን ለማየት ነው የመጣሁት» አለኝ።

ለምን አስገባሽው ትለኝ ይሆናል። ከደግነት እንዳይመስልህ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በረንዳዋ ላይ መርፌዋን አቁማ ታየን ነበር። እኔ ደግሞ እንደምታውቀው ሰፈሩ ሁሉ «የቤተ ክርስቲያኗ ልጅ» የሚለኝ ሰው ነኝ። አባቷን ከደጅ መለሰች እንዳልባል ፈርቼ አስገባሁት። ዕቃ ቤቱን አስለቅቄ ፍራሽ ዘረጋሁለት፣ የራሴን ክፍል ግን ከውስጥ ቆልፌ ነው የምተኛው።

የደረሰበትን በትንሽ በትንሹ ነገረኝ። እናታችን ካረፈች በኋላ ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ አንዱ ጋራዥ ሲያባርረው ሌላው ሲቀጥረው ኖረ። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መካኒክነቱም ቀረና የእንጨት መጋዘን ዘበኛ ሆነ። እዚያ ሰክሮ ከመሰላል ወድቆ ሆስፒታል ገባ። ጠያቂ የለውም። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ አንድ ግንበኛ ተኝቷል፤ ሳንባው ያለቀለት ሰው። ሚስቱ በየቀኑ ሾርባ ታመጣለታለች፣ እሱ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ለአባታችን ያሻግርለታል። አባታችንን ታውቀዋለህ፤ ሰው ሲያዝንለት ይቆጣል። «ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ብታውቅ ሾርባውን ፊቴ ላይ ትደፋው ነበር» አለው።

ግንበኛው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «እኔንስ ጌታ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እያወቀ አይደል የተቀበለኝ? ይልቅ ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል።»

ሌላ ስብከት አልሰበከውም። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አባታችን ባዶውን አልጋ እያየ ሲያለቅስ ዋለ፣ የዚያኑ ዕለት ለጌታ እጄን ሰጠሁ ይላል።

ይህን ሲያወራኝ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቀና ብዬም አላየሁትም። እናታችን ፊት ስንት ጊዜ ምሎ ስንት ጊዜ እንደከዳ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሲወጣ ሲገባ አፉን አሸተትኩ፤ ፍራሹን ገልብጬ ጠርሙስ ፈለግሁ። ምንም የለም። ሲነጋ ይነሳል፣ ግቢውን ይጠርጋል፣ የጎረቤቱን ሁሉ ምድጃና ቧንቧ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ሲጠጋግን ይውላል። የልብስ ሰፊዋን የስፌት መኪና ሠርቶላት እሷም «እንዲህ ያለ አባት» እያለች መጣችልኝ።

እሑድ አብሮኝ ቤተ ክርስቲያን መጣ። መጋቢያችን አስነስተው አስተዋወቁት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። ወንድሜ፣ ላንተ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ? ተቃጠልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ አዳራሽ ወንበር ስደረድር፣ መጋረጃ ሳጥብ፣ ሕፃናት ሳስተምር፣ አንድም ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም። እሱ ሁሉን አፍርሶ፣ ጠጥቶ፣ ደብድቦ፣ በመጨረሻ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ሲመጣ ጭብጨባ። ለሕፃናቱ «ጸጋ ማለት ለማይገባው ሰው የሚሰጥ ስጦታ ነው» እያልኩ የማስተምረው እኔው ራሴ ነኝ። ለካ «ለማይገባው ሰው» ስል ሌላ ሩቅ ያለ ሰው እየመሰለኝ ኖሯል።

ከዚያ ወደቀ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሽታው ከመንገድ ነው የተቀበለኝ። ልንገርህና ታዘበኝ፤ ደስ አለኝ። «ይኸው፣ ብያለሁ» አልኩ በሆዴ። የፍርድ ቤት ሙግት የረታሁ ያህል ሆንኩ። ከዚያ ደግሞ ፍርሃቱ መጣ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እናውቃለንና። እሱ ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ልጄ፣ ግቢና ቆልፊ። እኔ ዛሬ አልገባም። ጠጥቼ እቤትሽ አልገባም» አለኝ። በረንዳው ላይ ጥቅልል ብሎ ተኛ። ብርድ ልብስ አልሰጠሁትም። ልብስ ሰፊዋ ናት ያለበሰችው።

በሚቀጥለው እሑድ መጋቢውን ፈቃድ ጠይቆ ሰው ፊት ቆመና «ጠጥቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ያጨበጨባችሁልኝ ሰው ይኸው ነው» ብሎ ተናገረ። አሁንስ ያስወጡታል ብዬ ጠበቅሁ። ፊት መቀመጫ ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት፣ ዓይናቸው በደንብ የማያይ፣ ቦርሳቸውን አንስተው ጠጋ አሉለትና «ና እዚህ ተቀመጥ፣ ቆመህ ምን ትሠራለህ» አሉት። ሄዶ ተቀመጠ። መዝሙሩ ቀጠለ። እኔ አልዘመርኩም። ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም፣ ነገ ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም፤ እሱም «አላውቅም፣ ዛሬን ነው የማውቀው» ይላል።

አሁን ወደ ወገቤ ልምጣ። ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንዴት እንደሆነ ነግሬሃለሁ፤ እርጥብ አንሶላ ከማሽን ማውጣት፣ መተኮስ፣ ማጠፍ፣ ደግሞ ማውጣት። ለወራት ጀርባዬን ሲቆረጥመኝ ዝም ብዬው ነበር። ባለፈው ወር ጎንበስ ብዬ አንሶላ ስጎትት የሆነ ነገር ቀጭ አለ፣ ቀና ማለት አቃተኝ። ያቺ «ጉልቤ» የምንላት የሥራ ጓደኛዬ አቅፋ የቆሻሻ ልብስ መግፊያው ጋሪ ላይ አስተኛችኝ። ወንድሜ፣ ብትስቅ አይፈረድብህም፤ በሽተኛ በሞላበት ሕንፃ ውስጥ እኔ በአንሶላ ጋሪ እየተገፋሁ በኮሪደሩ አለፍኩ። ሐኪሙ የወገቤን ራጅ አይቶ «ተኚ፣ እናያለን» አለኝ። እስከ አሁን «እናያለን» ላይ ነን።

ቤት ስደርስ ማን አለ? እሱ ብቻ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባላስታውሳቸው እመርጣለሁ። ራሴን መገልበጥ አልችልም። ውኃ የሚሰጠኝ እሱ፣ ትራስ የሚያስተካክልልኝ እሱ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ባልዲውን ይዞ የሚወጣው እሱ። ገላዬን ልብስ ሰፊዋ እየመጣች ታጥበኛለች፣ እግሬን ግን በለብ ያለ ውኃ ሲያሸኝ የሚያመሸው እሱ ነው። ቀና ብሎ አያየኝም። የሚሠራው ምግብ አይቀመስም፤ ድንቹ ወይ ጥሬ ነው ወይ ገንፎ ሆኗል፣ ጨው ሁለቴ ይጨምርበታል፣ ረስቶ። እበላለሁ። ሳልበላ ስቀር ደጅ ወጥቶ ብቻውን እንደሚቀመጥ ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች።

አንድ ጠዋት እግሬን ሲያጥበኝ አለቀስኩ። ያመመኝ መስሎት እጁን ሰበሰበ። አመመኝ ብዬው ዋሸሁ። እውነቱ ሌላ ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ሰጪ ነበርኩ፤ ለእናታችን፣ ላንተ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለሥራው። ጌታንም ሳገለግለው አንድ ቀን «በርቺ፣ ይገባሻል» ይለኛል ብዬ ሳልጠብቅ አልቀረሁም። እነሆ ተጋድሜ፣ አንድ ኩባያ እንኳ አጥቤ መመለስ የማልችልበት ቀን መጣ። ወንበር የምትደረድረዋ ሴትዮ የለችም፤ ያለችው በሰው እጅ የምትገለበጥ ናት። እሷም ግን ተወደደች። ለካ ያ ግንበኛ ያሻገረው ሾርባ ለእኔም ነበር። ሳስተምረው የኖርኩት ቃል ያን ጠዋት ገባኝ፣ የማይገባኝ ሰው መሆኔ ሲገባኝ።

ከዚያ ወዲህ መልአክ የሆንኩ እንዳይመስልህ። ትላንት በጨው ምክንያት ጮኼበታለሁ። ደክሞኛል። ይቅር ማለት ራሱ እንደ አንሶላ ነው፤ አጥፈህ ስትጨርስ ሌላ እርጥቡ ይመጣል። ግን ክፍሌን ከውስጥ መቆለፍ ትቻለሁ።

ስላንተ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ባለፈው ሐሙስ መድኃኒቴን እየሰጠኝ «ግራ ጆሮው፣ ብርድ ሲሆን ያመዋል?» አለኝ። ያን ጆሮህን በጥፊ የመታህን ቀን ሳይረሳው ኖሯል። አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም፤ ጠይቄህም አላውቅ። በእርስዎ ስም ይቅርታ ልጠይቅልዎ ወይ ብለው አይሆንም አለ። «ይቅር በለኝ ብዬ ብልክበት ሸክም ነው የምጭንበት። ጆሮውን ብቻ ጠይቂልኝ።» ስለዚህ ጠይቄሃለሁ። መመለስ ካልፈለግህም አትመልስ። እኔም «ይቅር በለው» አልልህም። አንተ ያየኸውን እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ በጌታ ስም ልጫንህ አልችልም። እዚህ የሆነውን ነው የነገርኩህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከመጣ ጀምሮ «እርስዎ» ነበር የምለው። ሰዎች ጨዋነቴን ያደንቃሉ፤ እሱና እኔ ግን እናውቃለን፣ ለቆጣሪ አንባቢውም «እርስዎ» ነው የምለው። አባት ብዬ ጠርቼውም አላውቅም። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ክፍሉ ታፍኖብኝ፣ ሳላስበው፣ «አባዬ፣ መስኮቱን ክፈተው እስቲ» አልኩት። ቆመ። እጁን መስኮቱ ላይ አድርጎ ጀርባውን እንደሰጠኝ ብዙ ቆየ፣ ማጠፊያው እንኳ የጠነከረበት መሰለኝ። ከዚያ ከፈተውና ወጣ። መስኮቱ አሁንም ክፍት ነው። ትንሽ በርዶኛል፣ ግን ዝጋው አላልኩትም።

እንግዲህ እጄ ዛለ። ጌታ ቤትህን በሰላሙ ይሙላው፤ ልጅህ ያንተን ድምፅ ስትሰማ እየሮጠች የምትመጣ ትሁን። ባለቤትህን ሳምልኝ። አንተም ብላ፣ ተኛ፣ ቀጠንክ።

ሁሌም የምትወድህ እህትህ

ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የሚወስደው እሱ ነው። ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀኝም። አድራሻህን ግን «እኔ ልጻፈው» ብሎ ስንት ፖስታ አበላሸ መሰለህ። ላዩ ላይ ያለው ጠማማ ጽሕፈት የማን ይሆን ብለህ ከሆነ፣ የእሱ ነው።