ማክሰኞ አንቺ ከተማ እንወርዳለን

ውድ እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ወንድምሽ ከግራ እግሬ በቀር ደህና ነኝ። ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ የእጄን ጽሑፍ ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ ክፉ ነገር የለም። ብቻ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለቤቴና እኔ ከተጋባን ወዲህ የመጀመሪያችን የሆነውን እረፍት ወጣን። መቼም ታውቂኛለሽ፤ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? የአሥራ ሁለቱን ቀን ጉዞ በሰዓት ከፋፍዬ ሰንጠረዥ ሠራሁለት። በአራተኛው ቀን ተራራ እንወጣለን፣ በሰባተኛው ሐይቁን በጀልባ እንሻገራለን። ባለቤቴ ወረቀቱን አየችና «ሽንት ቤት የምንሄድበትን ሰዓት ረስተሃል» አለችኝ።

ተራራው ላይ ብወድቅ እንኳ ወግ ነበር። የወደቅኩት ግን በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የሆቴሉ ደረጃ ላይ ነው። ያለቀ መስሎኝ አየር ረገጥኩ። ቁርጭምጭሚቴ ወዲያው ድንች አክሎ አበጠ። ሐኪሟ ራጅ አስነስታ አየችና፣

«ስብራት የለውም፤ ወለምታ ነው። ግን አሥር ቀን እንዳትረግጥበት» አለችኝ።

«ተራራውስ?»

«ተራራው የትም አይሄድም። አንተም እንደዚያው» ብላ ሳቀች።

ሰንጠረዡን ቀድጄ ጣልኩት።

እትዬ፣ በእነዚህ አራት ቀናት ካልሲዬን ያጠለቀችልኝ፣ ገላዬን ያጠበችኝ፣ ሽንት ቤት ደግፋ የወሰደችኝ ባለቤቴ ናት። በወደቅኩ በሁለተኛው ቀን «ውሃው ቀዘቀዘ!» ብዬ ጮህኩባት። ወጥታ የሞቀ ይዛ ተመለሰች። ያኔ ያንቺ ፊት ድቅን አለብኝ። አባባን ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር ያስታመምሻቸው። እኔ በዓመት አንዴ ብርቱካን አንጠልጥዬ ብቅ እልና «ምነው ከሱ? ምን እያበላሻቸው ነው?» እልሽ ነበር።

ለቅሶው ላይ ያደረግኩት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ዘመድ ጎረቤቱ ሞልቶ በተቀመጠበት «ቶሎ ብትጠሪኝ ኖሮ አባባ አይሞቱም ነበር» አልኩሽ። አንቺ በያዝሽው ጆግ ለእንግዶቹ ውሃ መቅዳትሽን ቀጠልሽ። የእግሬስ በአሥር ቀን ይድናል። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ ቢታሽም አይድንም ያሉት ወደው አይደለም።

ውሸቴን ነበር፣ እትዬ። ጠርተሽኛል። ሁለት ጊዜ ደውለሽልኝ ሁለቱንም ጊዜ «ፈተና እያረምኩ ነው፤ ቅዳሜ እመጣለሁ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። አባባ ዓርብ አረፉ። የራሴን ጥፋት መሸከም ቢያቅተኝ አንቺ ላይ ጫንኩት። ይህን እስከ ትናንት ድረስ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ትናንት የመመለሻ ትኬታችንን ልንቀይር ጣቢያ ሄድን። አውቶቡስ ውስጥ እግሬን መዘርጋት ስለማልችል ትኬት ቆራጩ ባቡር መረጠልን። «ብቻ ዞሮ ነው የሚሄደው» አለና መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ያንቺን ከተማ ጠራ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«እናልፋለን ወይስ እንወርዳለን?»

እዚያው፣ ወረፋው መሀል፣ ስለ ሁለቱ ጥሪዎች ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ ወደ ሰውየው ዞረችና «እዚያ እንወርዳለን» አለችው።

ከዚያ እኔን ሳትጠይቅ ደወለችልሽ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሩቅ ፊቷን አያለሁ። ስትመለስ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው፤ «የትኛው እግሩ ነው? ደረጃ መውጣት ስለማይችል ታች ያለውን ክፍል አሰናዳለታለሁ» አልሻት። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ባለቤቴ «አመመው» ብላ አስተባበለችልኝ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ። እኛ ማክሰኞ ከሰዓት እንገባለን። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ፊትሽ ስቆም ስለ ባቡሩና ስለ መንገዱ ስቀባጥር ዋናው ነገር ሳይወጣኝ ይቀራል። ስለዚህ ይቅርታዬ ከእኔ ቀድሞ ቤትሽ ይግባ። ይቅር በይኝ፣ እትዬ። በአባባ ልጅነቴ ሳይሆን በበደሌ ልክ ይቅር በይኝ። መቆጣት ካማረሽም ተቆጪኝ፤ የአራት ዓመት ተጠራቅሞልሻል። እኔም በዚህ እግሬ ሮጬ አላመልጥሽም።

ማክሰኞ ዓይን ለዓይን እስክንተያይ፣
በምርኩዝ የሚመጣው ታናሽ ወንድምሽ