የገብስማዋ ዶሮ እኩሌታ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ውድ አምሐ፣

ቴሌግራምህ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደረሰን። የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ጓድ ደሞዝ ቢሮው አስጠርቶኝ፣ እኔ ቆሜ እሱ ተቀምጦ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «የዶሮ ፈንግል ክትባቱ ዋና ዘር እዚህ ዩኒቨርሲቲ ተበላሽቷል። እናንተ ዘንድ የቀረ ካለ በአስቸኳይ አስታውቁ። ይዞ ለሚመጣው ሠራተኛ የትምህርት ዕድል ተዘጋጅቷል» ይላል። ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«ጓዲት ባንቺአየሁ፣ የቀረ አለ?»

«የለም» አልሁት። «መጋቢት ላይ አሥራ ሁለቱንም ጠርሙስ ቀቅዬ ፈርሜያለሁ። ፊርማዬ ፋይሉ ውስጥ አለ።»

ዋሽቼዋለሁ። አንድ ተርፏል። ይህን የምናውቀው እኔና አንዲት መነኩሴ ብቻ ነበርን፤ እነሆ አንተ ሦስተኛ ሆንህ። ደብዳቤውን በፖስታ ያልላክሁትም ለዚህ ነው። ለትምህርት ወደ እናንተ ከተማ የሚመጣ የአክስቴ ልጅ ካልሲው ውስጥ ከትቶ ያደርስልሃል። ይህ ወረቀት ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚያገኘኝ አንተም ታውቃለህ።

የእንስሳት ሐኪማችን ሳለህ አምስት ዓመት ሙሉ «ዶክተር፣ እርስዎ» ስልህ ኖሬ ዛሬ አንተ ማለቴን አትቀየመኝ። ብትቀየምም ግድ የለኝም። የቀረኝን አክብሮት የምሰጠው ሌላ ሰው አግኝቻለሁ።

ቁንዝላን መጀመሪያ የረገጥንበትን ቀን ታስታውሳለህ? ግንቦት 1974 ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ፣ ፈንግልም እንደ ልማዱ ዝናቡን ተከትሎ ገብቷል። ወደ ጎርጎራ ከሚሄደው ጀልባ ስንወርድ ሴቶቹ የሞተ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥለው ሊጥሉ ሲወስዱ አገኘናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከእማሆይ ወለተ ሩፋኤል ደጅ ግን አንዲት ገብስማ ዶሮ ዘጠኝ ጫጩት አስከትላ አመድ ትጭራለች።

«ይቺ ሦስት ፈንግል አሳልፋለች» አሉን እማሆይ። «የጎረቤቱ ሁሉ ሲያልቅ እሷን ክንፏን እንኳን አላስጣላትም።»

ያን ጊዜ ዓይንህ በራ። ዋጋ ጠራህ፤ እምቢ ቢሉህ እጥፍ አደረግኸው። እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሞት አይቶ ያለፈው ነገር አይሸጥም፣ ልጄ።»

የአዲስ አበባ ልጅ ነህና ግራ ገብቶህ ወደ እኔ ዞርህ። እኔ የዱርቤቴ ልጅ ነኝ፤ ላም የሌለው ሰው ላም ካለው እንዴት እንደሚጠጋ ከእናቴ ቤት አውቀዋለሁ። «ለርቢ ይስጡኝ ይበሏቸው» አልሁህ በጆሮህ። እናቲቱ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች፤ ከእሷ የሚወጣውን ግን ባለቤቱና አርቢው እኩል ይካፈላሉ። ያልሁህን ቃል በቃል ደገምህላቸው። እማሆይ ፊትህን ትንሽ መረመሩና «እማኝ ማነው?» አሉ።

«እሷ ትሁን» አልህ፣ እኔን እያሳየህ።

«ደግ። ከዶሮዬ የወጣ ሁሉ እኩል። ሰምተሻል አንቺም» አሉኝና የዶሮዋን እግር አስረው ሰጡህ።

በጀልባው ላይ ዶሮዋን ታቅፈህ የሳቅኸው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ባንቺ፣ እኔ እንቁላሏ ምን ያደርግልኛል፣ የምፈልገው ውስጧ ያለውን ቫይረስ ነው። እኩሌታውን ለእማሆይ በምን ላምጣላቸው፣ በሰፌድ?» አልኸኝ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። እወድህ ነበር፣ አምሐ። ነግሬህ አላውቅም። አሁን የምነግርህ ከእንግዲህ ምንም ስለማይለውጥ ነው።

ሐምሌ ላይ «አንጀቷን ማየት አለብኝ» ብለህ አረድሃት። እናቲቱ እኮ የባለቤቷ ናት ብዬ ብለምንህ «ሌላ እንተካለን» አልህ። ከመንግሥት እርባታ ነጭ የፈረንጅ ዶሮ አስወጥተህ ለእማሆይ ወሰድህላቸው። ነጯ ጥቅምትን ሳታይ ሞተች። አንተን አንድ ቃል አልተናገሩህም። እኔን ግን ለብቻዬ «ርቢ የወሰደ ሰው እናቲቱን አይበላም» ብለውኛል። ያኔ ደስታህን ላለመንካት ዋጥሁት።

ሐሰት አልናገርም፤ እንደ አንተ የሠራ ሰው አላየሁም። ከገብስማዋ ያወጣኸው ቫይረስ ዶሮ አይገድልም፤ ገዳዩ ሲመጣ ግን አያስገባውም። ደግሞ በረዶ አይፈልግም፤ ቀኑን ሙሉ ጀልባ ላይ ፀሐይ ቢመታው አይሞትም። ሚያዝያ 1977 ከተነከረ ገብስ ጋር ለውሰን ለቁንዝላ ዶሮዎች በተንን። ግንቦት መጣ፣ ፈንግልም መጣ። የአጎራባቹ መንደር ዶሮ ሲረግፍ የቁንዝላ አውራ ዶሮ ጠዋት ጠዋት ይጮኽ ነበር። እማሆይ በጭድ የታሸገ አርባ እንቁላል ላኩልን፤ መልእክታቸው «እኩሌታዬ ዘንድሮ ደረሰኝ» የሚል ነበር። አንዱን እዚያው ሰብረህ በጥሬው ጠጣህ። ከዚያ ወዲህ በየሚያዝያው ገብሱን ስናደርስላቸው «እኩሌታዬ መጣ» ይሉ ነበር።

ቀጥሎ የክትባቱ የባለቤትነት ወረቀት መጣ። እኛ አገር ለፈጠራ ፓተንት የሚሰጥ ቢሮ ስለሌለ እዚያ ወዳጅ አገር ተመዘገበ። ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው ተባለ፤ እኩሌታው የኢትዮጵያ መንግሥት፣ እኩሌታው ደግሞ በመሣሪያ የረዳን የዚያ አገር ኢንስቲትዩት። ስታሳየኝ «የእማሆይስ?» አልሁህ። «ባንቺ፣ ሁለት እኩሌታ ካለቀ ሦስተኛው ከየት ይመጣል?» ብለህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግኸኝ። ሒሳቡ ልክ ነበር። መስከረም 1979 ላይ አንተ ለትምህርት ወደዚያው አገር ሄድህ።

መጋቢት 1980 የመጣውን ደብዳቤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁለቱ ባለቤቶች ክትባቱን የማልማት ፈቃድ አንተ ለምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሰጥተዋል፤ ከእንግዲህ ሌላ ማንም እንዳያዘጋጅ፣ እንዳያድል፤ በሌላ ቦታ ያለው ዘር ሁሉ ይወገድ። ከሥሩ፣ በመንግሥት በኩል የመከረው ባለሙያ ተብሎ፣ ያንተ ፊርማ አለ። ለእኔም አጭር ማስታወሻ አያይዘህ ነበር፤ «ሁለት ዓመት ታገሡ፣ በሚሊዮን ተመርቶ ይመጣላችኋል።»

ከልብህ እንደጻፍኸው አምናለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። ሁለት ዓመት እኮ የዶሮ ዕድሜ ነው። በሚሊዮን የሚመጣው ሲመጣ ማንን ሊያገኝ ነው?

ጓድ ደሞዝ «የሁለት መንግሥታት ውል ነው፤ የጣሰ ሰው እንደ ተራ አጥፊ አይታይም» አለና እስክፈርም ድረስ ከአጠገቤ ቆመ። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ቀቀልሁ። አንደኛው ውስጥ ግን የነበረው ዘር የሌለበት ተራ የእንቁላል ውሃ ነው፤ ከዋዜማው ቀይሬው ነበር። እውነተኛውን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከአባ ሰንጋ ጠርሙሶች ጀርባ ደበቅሁት። አባ ሰንጋን ማንም ደፍሮ አይነካካም።

እንዲህ ስጽፈው ጀግና እመስላለሁ። የቀረውን ስማ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ እማሆይ ራሳቸው በጀልባ መጡ። ዘበኛው ጠራኝና ወጣሁ። ዘንቢላቸውን ታቅፈው ከበሩ አጠገብ ከሾላው ሥር ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ የዶሮውን ገብስ ሳታመጡ ወሩ ሊያልቅ ነው። ምነው?»

«ፈቃድ እየጠበቅን ነው፣ እማሆይ።»

«የማን ፈቃድ?»

«የባለቤቶቹ።»

«እኔን የጠየቀኝ የለም» አሉ። እየቀለዱ አልነበረም። «እኩል ብለን አይዶለም እንዴ? አንቺ ቆመሽ?»

«ትንሽ ይታገሡ» አልኋቸው። ያንተኑ ቃል። ጠርሙሱ ከቆምንበት ሠላሳ እርምጃ አይርቅም ነበር። በእኔ ደመወዝ የምትኖረውን እናቴን አሰብሁ። በትንሽ ነገር ተጠርተው ያልተመለሱትን አሰብሁ። ከፍቼ አበዛዋለሁ ብል ከጓድ ደሞዝ ዓይን ሥር እንዴት አድርጌ እያልሁ ምክንያት ደረደርሁ። እማሆይ ዘንቢላቸውን አንሥተው ተመለሱ።

ግንቦት መጨረሻ ፈንግል ገባ። ሰኔ ላይ የሞተውን እንድመዘግብ ተልኬ ቁንዝላ አደርሁ። ንጋት ላይ ነቃሁና የሆነ ነገር ጎደለብኝ፤ ምን እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ቆየሁ። አንድም አውራ ዶሮ አልጮኸም። ደወል ተደወለ፣ ከሐይቁ በኩል የጀልባ ሰዎች ድምፅ ተሰማ፣ ዶሮ ግን የለም።

እማሆይ ዶሮዎቻቸውን የቀበሩበትን ጉድጓድ አሳዩኝ። ሃያ ሦስት ነበሩ። እንቁላላቸውን እየሸጡ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ይገዙ ነበር። ጎረቤታቸው የሻሽወርቅ ደግሞ የልጆቿን ደብተር የምትገዛው ከዶሮ ነበር፤ መዝገቤን ስታይ ፊቷን አዞረችብኝ።

«እማኟ አንቺ ነሽ» አሉኝ እማሆይ። «እኩሌታዬ የት አለ?»

ነገርኋቸው። ጠርሙሱን፣ አባ ሰንጋውን፣ ሁሉንም።

«ሚያዝያ ስመጣ ነበረ?»

«ነበረ።»

ወደ ጉድጓዱ ዞሩ። «ፈርተሽ ነዋ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አንተን ብቻ የማማበት ደብዳቤ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። አንተ ሩቅ ሆነህ ፈረምህ፤ እኔ ግን ዓይናቸውን እያየሁ ታገሡ አልሁ። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ ራስህ ፍረድ።

መስከረም ላይ፣ ጓድ ደሞዝ እሑድ እሑድ ስብሰባ ሲሄድ፣ ከዱርቤቴ ገበያ በገዛሁት እንቁላል ውስጥ ዘሩን አበዛሁት። በሩን በሩን እያየሁ ስሠራ የመጀመሪያዎቹን ስድስት እንቁላል ሰበርሁ። ጥቅምት ላይ ወሰድሁት። ሴቶቹ ከየዘመዱ አምጥተው እንደገና ማርባት ጀምረዋል። ገብሱን እዚያው ነክረን ለወስነው፤ እማሆይ በእጃቸው እየዘገኑ በተኑት። የተረፈውን ጠርሙስም ሰጠኋቸው። የት እንዳኖሩት አልጠየቅሁም፤ ስለዚህ ብጠየቅም አላውቅም።

ቴሌግራምህ ከመጣ በኋላ ዓርብ ዕለት እንደገና ሄጄ ነገርኋቸው።

«የትምህርቱን ዕድል አትፈልጊውም?» አሉኝ።

«እፈልገዋለሁ» አልሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም እፈልገዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የሰው ጠርሙስ ሳጥብ አርጅቼ እንዳልቀር እፈራለሁ። «ግን እኩሌታው የእርስዎ ነው። ምን ልበለው?»

እንዲህ ብለው መለሱልኝ።

«አልከለክለውም። ለሌላ አገር ዶሮ ከሆነም እሱም ነፍስ ነው። ነገር ግን የፊተኛው ርቢ ሒሳብ ሳይታሰብ ሁለተኛ አይሰጥም። እናቲቱን ይመልስና እኔው ዘንድ ይምጣ።»

ይኸው ነው መልሱ። ይህን ወረቀት ለጓድ ደሞዝ ብትልከው እኔን ያገኙኛል፤ ጠርሙሱን አያገኙትም። ዶክትሬትህ በዚያ ዘር ላይ እንደቆመ አውቃለሁ፤ እንዲወድቅም አልመኝም። የሁለቱ ባለቤቶች ፈቃድ እጅህ ላይ አለ። የጎደለህ የሦስተኛዋ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ወረቀት አያነቡም።

ስትመጣ ማኅተም አታምጣ። ከባሕር ዳር ጀልባው ዓርብ ጠዋት ይነሣል፤ እንደዚያን ጊዜው ዶሮ ታቅፈህ ተሳፈር። ገብስማ ትሁን። ነጭ አይቀበሉም።

እማኟ፣
ባንቺአየሁ