ፋረን በእግርም ነው

ወዳጄ ደበላ፤
እሁድ ማኅበሩን የምደግሰው እኔ ስለሆንኩ ዛሬ ከአቃቂ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ልመለስ ነበር። የፋብሪካው ጀርመናዊ መካኒክ ክሩገር፣ «ፋረን በቋንቋችን በመኪና ወይም በባቡር መሄድ ነው» ቢለኝ፣ «ዛሬ ነው እንጂ አያቶቻችሁ በእግር ሲሄዱም ፋረን ይሉ ነበር» ብዬ፣ የተረታ ሌላውን በእግሩ ሊሸኝ ተወራረድኩት። መዝገበ ቃላቱን አይቶ ተረታና ጣቢያ ድረስ በእግሩ ሊሸኘኝ ወጣ።

የአቃቂ ጭቃ እንደ ድሬዳዋ አሸዋ አይራገፍም። ደግሞ በየመታጠፊያው ቆሜ «በቃ፣ ይመለሱ» እለዋለሁ፤ «አልመለስም!» ይላል። በዚህ መሃል ባቡሩ አመለጠን።

«በመኪናዬ ዱከም ላይ እንድረስበት!» አለ።

«ረትቼዎት መኪና ልሳፈር? ሞቼ እገኛለሁ!»

ይህ የምጽፍልህ ካርድ ግን አልተወራረደምና በክሩገር መኪና ሄዶ ባቡሩን ይያዝ። የሚቀጥለው ባቡር ሰኞ ስለሆነ ማኅበርተኞቹን አንተ ተቀበልልኝ፤ ጠላው ጓዳ ነው። ለባለቤትህ ለወይዘሮ ዲንቄ ሰላምታ።
ተክሌ