ገና ነው ወይስ ደርሷል?

እኔ፣ ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል የጨረስሁ፣ የሌሎችን ኑዛዜ ስቀበልና በማኅተም ሳጸና የኖርሁ ሴት፣ ዛሬ በኅዳር ወር ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ በገዛ ቤቴ በምግብ ጠረጴዛዬ ራስ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። ሕመም አካሌን ይዞታል፤ ልቡናዬን አልያዘውም። ሰኞ ለቀዶ ሕክምና እገባለሁ፤ መውጣቴን ግን ሐኪሙም አላረጋገጠልኝም።

ምስክሮቼ በቀኜ የተቀመጠችው መድኃኒት ቀማሚ ጎረቤቴና በግራዬ ያሉት ልብስ ሰፊው ወዳጃችን ናቸው። ጸሐፊው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በዚህ ክፍል የሚነገረውን ሁሉ፣ የእኔም ይሁን የሌላ፣ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። ኑዛዜ የሚፈርሰው በተጻፈው ሳይሆን ኋላ “እንዲህ ብላ ነበር” በሚባለው መሆኑን በሥራዬ አይቻለሁና።

ወራሾቼ ሁለት ልጆቼ ናቸው። በኩሬ፣ ወንዱ ልጄ፣ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነው። ታናሿ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ሁለቱም እዚሁ ፊት ለፊቴ አሉ፤ በመካከላቸው ባዶ ወንበር ትተዋል።

አንደኛ። ይህን ቤት ከነምድር ቤቱ ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ። በኩሬ የራሱን ቤት ሲሠራ ድርሻውን ወስዷል። እርሷ ግን በአባቷም በእኔም ሕመም ትራሳችንን ስታገላብጥ የከረመች ናት።

ሁለተኛ። በምድር ቤቱ ስላለው ወይን። ነፍሱን ይማርና ባለቤቴ በወይን ፋብሪካ የጓዳ ኃላፊ ነበር፤ ሰፈሩ “አይቸኩሌ” ይለው ነበር። ከየዓመቱ ምርት ጥቂት ጠርሙስ እያመጣ ከታች ያስተኛል። ቅዳሜ ማታ አንዱን ያወጣል፤ እኔ አበስላለሁ። ልጆቹ ብርጭቆውን ያሸታሉ፣ እኛ ከእራቱ ጋር እንቀምሳለን። ከዚያ “ገና ነው ወይስ ደርሷል?” ይለኛል። ገና ነው ያልን እንደሆነ የቀሩት እህትማማች ጠርሙሶቹ ይተኛሉ፤ ደርሷል ያልን እንደሆነ በየተራ ይወጣሉ። ያለ እኔ ድስት ፈርዶ አያውቅም፤ ያለ እሱ ምላስም እኔ አልፈረድሁም።

ሴት ልጄ በተወለደችበት ዓመት የተጨመቀውን ለሠርጓ ብሎ ለብቻው አስተኝቶት ነበር። ሠርጓ ሲቃረብ በኩሬ ሳያስፈቅድ አወጣውና ለንግድ እንግዶቹ በቆሙበት አጠጣው። እርሷ በሠርጓ ዕለት ከሱቅ የተገዛ ጠጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው። ይህን የማስጽፈው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ ለሚከተለው ቃሌ ምክንያቱ እንዲታወቅ ነው።

የቀረው ወይን የሁለቱ የጋራ እንዲሆን ልናገር ስጀምር በኩሬ አቋረጠኝ።

“እማዬ፣ ይቅርታ፤ ይሄ አይጻፍ።”

“ይጻፍ” አልሁ።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ወይኑን በሙሉ ለአንድ ባለ ሆቴል ቃል እንደ ገባለት፣ ሰኞም መኪና እንደሚመጣ ነገረን። እኔ ስለ ወይን መናዘዝ እንደማልችልም ጨመረ።

“መድኃኒቱ ምላስሽን ወስዶታል። ሐኪሙ ነግሮኛል። ባለፈው ኮምጣጤ ቀድቼ ሰጥቼሽ ውኃ ነው ብለሽ ጠጣሽው። አንቺ ይቆይ፣ ይጠጣ ብትይ ማን ይቀበለዋል? እከራከርበታለሁ።”

ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን አወለቁ። መድኃኒት ቀማሚዋ ዓይኗን ከጠረጴዛ ልብሱ ላይ አላነሣችም። የጸሐፊው እጅ ቆመ። እኔም “ጻፍ፤ እውነቱን ነው” አልሁት።

እውነት ነው። ከክረምት ጀምሮ ጨውና ስኳር አንድ ሆነውብኛል። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እያበሰለች ስታቀርብልኝ ጣፈጠኝ ስል ከርሜአለሁ፤ እንዳታዝን ነው። አሁን ከወንድሟ አፍ ስትሰማው ተነሥታ ወጣች። ጥላን የሄደች መስሎኝ ነበር። ከወጥ ቤት የክዳን ድምፅ ተሰማ፤ ደረጃውን ወርዳ ስትወጣም ሰማናት።

ከጠዋት ጀምሮ ምድጃ ውስጥ የነበረውን የበግ ጥብስ ከነትሪው አመጣች። በብብቷ አባቷ መጨረሻ ያስተኛውን ቀይ ወይን ይዛ ነበር። ጠርሙሱን ወንድሟ ፊት አቆመችው።

“ክፈተው” አለችው። ከሠርጓ ወዲህ ለእሱ ከአፏ የወጣች የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት።

እንደ ሙያው ከፈተው። አንገቱን ጠረገ፣ ቡሹን ያለ ድምፅ አወጣ፣ ጥቂት ቀድቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው፤ ቀመሰና ወደ ጽዋ ተፋው።

“ይጎመዝዛል፤ አፍ ያደርቃል። ከዚህ በኋላ የሚለሰልስ አይደለም። ሰውዬው ሐሳቡን ሳይቀይር መሸጥ ነው።”

“አባባ በባዶ አፉ ፈርዶ ያውቃል?” አለችውና ሥጋውን ከነስቡ ቆርጣ ሳህኑ ላይ አደረገችለት።

ለመብላት እንዳልመጣ ነገራት። ጠጉሩ የሸበተን ልጅ ብላ ማለት ያስቃል ብዬ ተውሁት። ልብስ ሰፊው ግን፣ ሽታው ሆዳቸውን አላስችል ብሎት ይመስለኛል፣ “ልጄ፣ እኔ ኮት በመስቀያው አይቼ አልፈርድም፤ ሰው ሲለብሰው ነው” አሉት። ሹካውን አነሣ። በላ፤ ደግሞ ጠጣ። አሁን አልተፋውም። ወይን ልኩ ሲሆን የአባቱ መንጋጋ ማኘኩን ይተው ነበር፤ የእሱም ቆመ። እኔ ምንም የማይጣፍጠኝ ሴት ያን ከፊቱ ቀመስሁት።

“ከሥጋው ጋር ሌላ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “ግን ገና ነው።”

እርሷም ቀመሰች። “ደርሷል።”

“ሁለት ዓመት ቢቆይ ይሻለዋል።”

“ቢቆይ ያልፍበታል። ዛሬ ነው።”

ተከራከሩ። ስለ ሠርግ አይደለም፣ ስለ ቤትም አይደለም፤ ስለ ወይኑ። ጸሐፊው አላዳርስ ቢለው ጥቂቱን ዘልሎታል።

ስለዚህ የቃሌ መጨረሻ ይህ ነው። ምድር ቤቱ የእርሷ፣ ጠርሙሶቹ የእሱ ይሁኑ። ሆኖም በዚህ ጠረጴዛ፣ ከእርሷ እጅ ምግብ ጋር ሳይቀመስ፣ ሁለቱም አንድ ቃል ሳይሉ፣ አንድም ጠርሙስ ከዚህ ቤት አይውጣ፤ አይሸጥ። የፍርዱን ሥልጣን ለሁለቱ በአንድነት አውርሻለሁ፤ እኔ ከእንግዲህ የለኝም። ይህን የሚቃወም ቢኖር ዛሬ፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ፣ ይናገር።

በኩሬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ለባለ ሆቴሉ ራሱ ሄዶ እንደሚነግረው ተናገረ፤ ሰውዬው እንደሚቆጣና ደንበኛነቱም እንደሚቀር አልደበቀንም። ወደ እህቱ ሳይዞር ጨመረ።

“የሠርግሽ ወይን ከጠጣኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም በቆመበት ያወራ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። እኔ ብቻ ነኝ ያወቅሁት። ያን ቀን ልነግርሽ መጥቼ በሩ ላይ ተመለስሁ።”

እርሷ ቢላዋውን አስቀመጠች። ዕንባዋ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ አልመጣም። ባዶውን ወንበር ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች።

“ምን ምን ይል ነበር?” አለችው።

ይነግራት ጀመር። ጸሐፊው ልጻፈው ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። ተወው አልሁት፤ ያ የእርሷ ድርሻ ነው።

ምክር። ስሞት ለቅሶዬ ላይ ጥሩ ወይን አታባክኑ፤ የሚያለቅስ አፍ አይቀምስም። ከሆስፒታል ብመለስ ልጄ ዓሣ ልትሠራ ነው፤ ከነጭ ወይኖቹ የትኛው ይውጣ በሚለው ከአሁኑ አልተስማሙም።

ይህ ኑዛዜ ተነብቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ፣ በእጄ ፈርሜበታለሁ።

የተናዛዧ ፊርማ።

እኛ ምስክሮች፣ ተናዛዧ በሙሉ ልቡና ስትናገር ሰምተን፣ ስትፈርም አይተን ፈርመናል፤ ፊርማችን እስኪደርቅም ብርጭቆ እንዳልነካን እናረጋግጣለን።

የመድኃኒት ቀማሚዋ ፊርማ። የልብስ ሰፊው ፊርማ። የጸሐፊው ፊርማ።